በድንኳን ከኩልፎ ዳር እስከ ዶርዜ

ከአርባ ምንጭ የላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ ጠርዝ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች አይመስሉም። በግራ የተዘረጋው አባያ ወተት የበዛበት ሻይ መልክ አለው፤ ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት አፈር አይጠልልለትም። በቀኝ ያለው ጫሞ ግን ሰማዩ ሲጠራ አብሮ የሚጠራ ሰማያዊ ነው። መሐላቸው ገብቶ የሚለያያቸውን ጉብታ አገሬው የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ድንኳን ተሸክሞ ለመጣ መንገደኛ ከዚያ ቁልቁል የሚታየው ጫካና ሜዳ ሁሉ ማደሪያ ነው፤ ከጀርባው ደግሞ ጨንቻና የጉጌ ተራሮች አሉ።

ሃዋይን በመሳሰሉ ሞቃት ደሴቶች የሕዝብ ካምፖችን የሚያወዳድር ሰው ፈቃዱን አስቀድሞ ይቆርጥና ስለ ሻወሩ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ ሥጋ መጥበሻው ይጠይቃል። አርባ ምንጭ ባለችበት ጋሞ ውስጥ በዚህ ሚዛን ከተኬደ ሁሉም ይወድቃል። እዚህ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ውኃው ከየት ይመጣል? ብርዱ ስንት ጋቢ ይፈልጋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌሊት በድንኳኑ አጠገብ የሚያልፈው ማነው?

የመጨረሻውን ጥያቄ የመለሰልኝ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ስካውት ነው። ፓርኩ በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን የሐይቆቹን ውኃ በከፊል ይጨምራል። ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ትልልቅ ሾላዎች ሥር፣ ለጥ ያለና ሣሩ አጭር የሆነ ቦታ ዓይኔን ሳበው። ስካውቱ ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ በእግሩ ጫፍ መሬቱን አሳየኝ። ሣሩ መሐል ሁለት ትይዩ ቦዮች አሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ያልተረገጠ ቀጭን የሣር መስመር።

«ወንድሜ፣ ይሄ የጉማሬ መንገድ ነው። እግሮቹን ከፈት አድርጎ ስለሚሄድ ነው መሐሉ የሚተርፈው። ማታ ለግጦሽ ሲወጣ መንገዱን አይቀይርም። ድንኳንህን ሾላው ጋ አድርገው።»

ሾላው ጋ አደረግሁት። ሌሊቱን ከጫካው ውስጥ ሣር የሚነጭ አፍ ድምፅ ሲመጣ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ስገምት ነው ያነጋሁት። ንጋት ላይ ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ጀመሩ፤ ያ ጩኸት ከነጭና ጥቁር ካባቸው ጋር ፈጽሞ አይሄድም፤ እንደ መነኩሴ ለብሰው እንደ ናፍጣ ሞተር ያጓራሉ።

ጫካው ራሱ ለብቻው ወሬ የሚገባው ነው። በአርባ ምንጭ ዝናብ ብቻ እንዲህ ያለ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልም ደን አይቆምም። የሚያቆመው ከገደሉ ግርጌ የሚፈልቀው ውኃ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው በዐለቱ ስንጥቅ ሰርጎ ይወርድና እዚህ በምንጭነት ይወጣል፤ ከተማዋ ስሟንም የመጠጥ ውኃዋንም ያገኘችው ከነዚሁ ምንጮች ነው። እንግዲህ ካምፑ ውኃ አለው። ችግሩ ትንኙም እዚያው መሆኑ ነው። አርባ ምንጭ የወባ አገር ናት፤ የድንኳን ወንፊት ቀዳዳ ካለበት አጎበር መያዝ ግድ ነው።

ከኩልፎ ተነስቶ በእግዜር ድልድይ በኩል ወደ ነጭ ሳር ሜዳ የሚወስደው መንገድ ድንጋያማ ነው፤ መኪናውንም ወገብንም ይፈትናል። ሜዳው ላይ ሲደረስ ግን ዓለም ይከፈታል። እስከ ወገብ የሚደርስ የደረቀ ሣር በነፋስ ሲተኛ ነጣ ይላል፤ የሜዳ አህዮች በመንጋ ሆነው ቆመው ያያሉ። ጥላ የለም፤ ውኃም ቢሆን ተይዞ ካልተኬደ የለም። ለሻወር ፈላጊ ይህ ከካምፕ አይቆጠርም።

እኔ ግን ለዚህ ሜዳ አዳላለሁ፤ ምክንያቴም አንዲት ወፍ ናት። በ1990 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች እዚሁ መንገድ ላይ መኪና የገጫት የምትመስል የሞተች ወፍ አገኙ። ሌሊት በራሪ ነፍሳት እያደነች፣ ቀን የረገፈ ቅጠል መስላ መሬት ላይ ከምትተኛው ወገን ናት። ሬሳዋ ስለተበላሸ ይዘው የሄዱት አንድ ክንፏን ብቻ ነበር። ክንፉ ከሚታወቁት ዘመዶቿ ከአንዳቸውም ጋር ሳይመሳሰል ቀረና በ1995 እ.ኤ.አ. በዚያ አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ለዓለም ተዋወቀች። በ2009 እ.ኤ.አ. ወፍ ተመልካቾች እዚሁ መጥተው አየናት አሉ። ስለዚህ ነጭ ሳር ላይ ያመሸ ሰው ባትሪውን አብርቶ መንገድ መንገዱን የሚያይበት ምክንያት አለው። እኔ ያየሁት የጥንቸል ዓይን ነው። ቢሆንም ሳይንስ በሙሉ አካሏ በወጉ ያልያዛት ወፍ ባለችበት ሜዳ ላይ ማምሸት የትኛውም ሻወር ያለው ካምፕ የማይሰጠው ነገር ነው።

ሦስተኛው ማደሪያ ደጋው ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ላይ ናት፤ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። በመሐላቸው ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሲነሱ በካናቴራ ያላባቸው ተሳፋሪዎች በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው ዶርዜ ሲደርሱ ጋቢ ይፈታሉ። የሙዝና የማንጎ ማሳው ከኋላ ይቀርና እንሰትና ቀርከሃ ይተካሉ፤ ጉሙም ከሰዓት በኋላ ሳይጠሩት ይመጣል።

እዚህ በየማረፊያው ግቢ ድንኳን ያስተክላሉ፤ የእኔን ግን የዶርዜ ቤት አሳፈረው። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጠልፎ፣ በእንሰት ኮባ ተሸፍኖ፣ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር የሚቆም ቤት ነው፤ ከፊት ሲያዩት ዝሆን ዝሆን ይላል። ምስጥ ከሥሩ ሲጀምረው የተበላውን ቆርጠው ይጥሉታል፤ ቤቱም በቆረጡት ልክ ያጥራል። እንዲያም ሲል አሥርት ዓመታት ይኖራል። ቦታው ካልተመቸ ወንዶች ተሰብስበው ሙሉውን አንስተው ወደ ሌላ ሥፍራ ይወስዱታል። እኔን ያስጠጉኝ እናት በር ላይ ጭንቅላቴን በእጃቸው ደፋ አደረጉልኝ።

«ጎንበስ በል ልጄ፤ ቤቱም እንደኔ እያረጀ ያጥራል።»

በሩ ሥር የቀርከሃው ጫፍ ግራጫ ዱቄት ሆኖ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፤ ከስንዝር በላይ ያለው ግን ገና ጤነኛ ነው። ውስጡ ምድጃው ይሞቃል፤ ጭሱም በኮባው መሐል ሾልኮ ይወጣል። ቆጮ በዳጣ አቀረቡልኝ፤ ዳጣው ለማያውቀው ሰው እንባ ያስመጣል። ውጭ የድንኳኔ ጨርቅ ጤዛ ጠጥቶ ተንጠልጥሏል። ዶርዜ ላይ ድንኳን መትከል ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ቤት አጠገብ መትከል ግን ግትርነት ነው።

ቅደም ተከተሉን ለሚጠይቀኝ፣ ደጋው ይቅደም እላለሁ። ዶርዜ ላይ የራሰ ድንኳን አርባ ምንጭ ፀሐይ ላይ ወዲያው ይደርቃል፤ ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ግን እርጥብ ሆኖ ይታጠፋል። ከዚያ በአርባ ምንጭ የታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ላይ ዓሣ በልቶ፣ በበቂ ጀሪካን ውኃ ይዞ ወደ ሜዳው መውረድ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዝናቡ ይበረታል፤ ያኔ የሜዳው መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ኩልፎ ዳር ላይ መቅረት ይሻላል፤ እዚያም ቢሆን ከወንዙ ራቅ ብሎ።