የሚበራው ኪቦርድና የእኅቴ እንቅልፍ

መምህር እንደ ሻማ ነው፤ ለሌላው እያበራ እሱ ራሱ ይቀልጣል ይባላል። እኔም መምህር ከሆንሁ ወዲህ ይህን አባባል በትምህርት ቤት በዓል ላይ፣ በተማሪዎች የስንብት ደብተር ላይና በግድግዳ ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። አልዋሽም፤ ባነበብሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ሻማው እኩለ ሌሊት ድረስ ሲበራ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ መተኛት የሚፈልግ ሰው ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም። እኔም ራሴ ሳልጠይቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ኖሬአለሁ። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ የማጫውትህ በ2,100 ብር ስለ ገዛሁት አንድ ኪቦርድ ነው። ከኪቦርዱ በፊት ግን የቤታችንን ነገር ማወቅ ያስፈልግሃል።

እኔና ታላቅ እኅቴ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሊቱ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላለች፤ መጋረጃ ደግሞ ገመናን ይሸፍናል እንጂ ብርሃንን አያግድም። እትዬ እኔን ያስተማረችኝ ለሆቴሎች እንጀራ እየጋገረች ነው፤ ዛሬም ትጋግራለች። ምሽት በ2 ሰዓት ጋደም ትላለች፤ ከሌሊቱ በ9 ሰዓት ተነሥታ ከግቢው ጓሮ ባለችው ማድ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣዷን ታሞቃለች።

እኔ ደግሞ ቀን ሳስተምር ውዬ ማታ የፈተና ጥያቄ አዘጋጃለሁ። ደመወዜ ወሩን ስለማያደርሰኝም፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እየተቀበልሁ በገጽ ሒሳብ እተይባለሁ። መሣሪያዬ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ሥራዬን የምጀምረው እሷ በምትተኛበት ሰዓት ሲሆን የማቆመው በ6 ሰዓት ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ከጣራው የተንጠለጠለው አምፖል ይበራል። እትዬ አንድ ቀን እንኳ «አጥፋው» ብላኝ አታውቅም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እኔም ዝም ስትል ተኝታለች ብዬ አምን ነበር።

ባለፈው ጥር ወር አንድ ጧት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ቀኝ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ አየኋት።

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«ምንም አይደል፤ ምጣዱ ላይ ትንሽ አሸለበኝ።»

ቃጠሎው ከመዳፏ እስከ አንጓዋ ይደርስ ነበር። ከጤና ጣቢያ ስንመለስ በልቤ አሰላሁት። መብራቱ እስኪጠፋ እስከ 6 ሰዓት እንቅልፍ ካልወሰዳት፣ በ9 ሰዓት የምትነሣ ሴት የምትተኛው 3 ሰዓት ብቻ ነው። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ቅነሳ ለመሥራት ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

በዚያኑ ማታ አምፖሉን አጠፋሁ፤ የላፕቶፑን ብርሃን ቀንሼ በጨለማ መጻፍ ጀመርሁ። ጣቶቼ መንገዱን ያውቁታል ብዬ ተመክቼ ነበር። እንደምታውቀው አብዛኞቻችን አማርኛን በኮምፒዩተር የምንጽፈው በላቲን ፊደል ድምፅ ነው፤ «ኤል»ን ስንነካ «ል»፣ «ኤ»ን ስናስከትል «ላ» ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ፊደላችን ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። ይባስ ብሎ እኔ በምጠቀምበት ፕሮግራም «ት»ና «ጥ» ያደሩት በአንድ ቁልፍ ላይ ነው፤ «ቲ»ን ብቻውን ሲነኩት «ት»፣ ከሺፍት ጋር ሲነኩት «ጥ» ይወጣል። ሺፍትን የሳተ ጣት ምን እንደሚያመጣ የገባኝ በማግሥቱ ነው። ለወላጆች የሚላከውን ማስታወቂያ እንድጽፍ ታዝዤ ስለ ነበር ባዘጋጀሁት ወረቀት ላይ፣ «ወላጆች ሁሉ ማክሰኞ ጧት በ2 ሰዓት እንዲመጡ በአክብሮት እናሳስባለን» ማለት ሲገባኝ፣ «እንዲመቱ በአክብሮት እናሳስባለን» ብዬ አርፌአለሁ። ርእሰ መምህራችን ወረቀቱን ፈገግ እንኳ ሳይሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። ደግነቱ ገና አልተባዛም ነበር።

እንግዲህ በጨለማ መጻፍ አልሆነልኝም፤ በአምፖል መጻፍም ከእንግዲህ ኅሊናዬ አልፈቀደም። ትንሽ ባትሪ ከጎኔ አስቀምጬ ሞከርሁ፤ ብርሃኑ መጋረጃውን እንደ ሲኒማ ሸራ አበራው። ቁልፉ የሚበራ ላፕቶፕ መግዛት ደግሞ ከአቅሜ በላይ ነው። በመጨረሻ ትዝ ያለኝ፣ ቀድሞ የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚወዱ ጎረምሶች መጫወቻ ነው እያልሁ የምንቀው፣ ከሥሩ ብርሃን የሚሰጠው ኪቦርድ ነበር።

ቅዳሜ መገናኛ ሄድሁ። ዋጋቸው አፍ የሚያስይዙት እያንዳንዱ ቁልፍ የየራሱ ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለ ሥራ ያለው፣ ሜካኒካል የሚባሉት ናቸው። ርካሾቹ ግን ከቁልፎቹ ሥር አንድ የጎማ ምንጣፍ አላቸው፤ ስትጫነው ጎማው ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል። ጎማው ለእኔ በሁለት በኩል ጠቀመኝ፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ሻጩ ወጣት፣ «ወንድሜ፣ ይኸኛው እንደ ፀሐይ ያበራል» አለኝ። በ1,700 ብር ተስማምተን ይዤ ወጣሁ።

ማታ አምፖሉን አጥፍቼ ስሰካው ማበራቱን አበራ። ዳሩ ግን ብርሃኑ የሚወጣው በቁልፎቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ፊደሎቹ በላዩ ላይ በቀለም የታተሙ ስለ ሆኑ እንደ ግርዶሽ ጨረቃ ዙሪያቸው በርቶ መካከላቸው ጥቁር ነበር። ለመጻፍ የተሠራ ሳይሆን ለመታየት የተሠራ ዕቃ ነበር ማለት ነው። በሚቀጥለው ቀን ተመልሼ ስሄድ ሻጩ በጣቱ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ አሳየኝ። ከብዙ ክርክር በኋላ 400 ብር ጨምሬ በሌላ ሊለውጥልኝ ተስማማ። በዚህ ጊዜ ግን ሞኝነቴን ትቼ፣ ኪቦርዱን ከላፕቶፔ ጋር አሰክቼ፣ ኮቴን አውልቄ በላዩ ላይ አለበስሁትና ጭንቅላቴን ከኮቱ ሥር ከተትሁ። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ይመለከተኝ እንደ ነበር የሰማሁት ከሣቁ ነው። ከኮቱ ሥር ግን «ኤ» እስከ «ዜድ» ያሉት ፊደሎች ራሳቸው በርተው አየሁአቸው። የዚህኛው ቁልፍ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተሠርቶ ላዩ ጥቁር ከተቀባ በኋላ፣ ቀለሙ በፊደሉ ቅርጽ የተነሣለት ነው።

ይህ ብርሃን እንዲህ በርካሽ ይገኝ ዘንድ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። ኤልኢዲ የሚባለው ጥቃቅን መብራት በቀይና በአረንጓዴ ቀድሞ ይሠራ ነበር፤ ደማቁ ሰማያዊ ግን ለብዙ ዘመን አስቸግሮ ኖሮ የተሳካው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጃፓን ነው። ነጩን የኤልኢዲ አምፖልም ያስገኘው ይኸው ሰማያዊ ነው። ለዚህም ሥራቸው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የእኔ ኪቦርድ ሦስት ቀለም አለው፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ። ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝና እኔ የመረጥሁት ቀዩን ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን እንቅልፍን ይበልጥ እንደሚያውክ ሌሎች ሊቃውንት ደርሰውበታልና።

በመጀመሪያው ማታ ላፕቶፑን ወደ ግድግዳ አዞርሁ፤ የኪቦርዱን ብርሃን ወደ መጨረሻው ደብዛዛ ደረጃ አወረድሁና ሥራዬን ጀመርሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሄደ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የጎረቤት መስሎኝ ነበር። እትዬ ታንኮራፋ ነበር። ሦስት ዓመት በአንድ ክፍል ስንኖር እኅቴ የምታንኮራፋ መሆኗን አላውቅም ነበር። ለረጅም ጊዜ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቼ አዳመጥኋት።

ጧት ሻይ ስንጠጣ ዕቃውን አሳየኋት። ዋጋውን ስነግራት ዓይኗን አፈጠጠች።

«ይኸን ሁሉ ብር! ስንት ምጣድ እንጀራ እንደሚሆን ታውቃለህ?» አለችኝ፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ሌላው ሰው መብራት ይገዛል፤ አንተ ለእኔ ጨለማ ገዛህልኝ» ብላ ሳቀች።

«ግን እትዬ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምትማር እየመሰለኝ ነዋ። የሚማር ልጅ መብራት አይጠፋበትም።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

አንባቢዬ ተማሪ ሆነህ ከጓደኛህ ጋር በአንድ ክፍል የምታድር፣ ወይም አዲስ ተቀጣሪ ሆነህ ሚስትህና ሕፃንህ በተኙበት ቤት ሪፖርት የምትጽፍ ከሆንህ የተማርሁትን ልንገርህ። በሱቁ መብራት ሥር የሁሉም ያምራል፤ ኮትህን አልብሰህ በጨለማ እየው። ፊደሉ ራሱ መብራቱን አረጋግጥ። ደብዘዝ የሚል መሆኑን ጠይቅ፤ የሚጮኽ ኪቦርድ ቢበራም የተኛን ሰው ይቀሰቅሳልና ቁልፉን ነካክተህ ድምፁን ስማ። አንዳንዱ የሚበራው «ስክሮል ሎክ» የተባለውን ቁልፍ ሲጫኑት ነውና አልበራም ብለህ አትደንግጥ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋም ብርሃኑን የሚያገኘው ከላፕቶፕህ ባትሪ መሆኑን አትርሳ። ቀለም የተቀባው ቁልፍ ደግሞ ከጊዜ ብዛት መፋቁ አይቀርም፤ የእኔ «ኤ» ከወዲሁ ጠርዟ ተበልቷል። እስከዚያ ግን ጣቶቼ ቦታዋን ይለምዳሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዛሬ እንኳ ዓይኔን ወደ ታች የምልከው ሺፍትን ስፈልግ ብቻ ነው።

የእትዬ እጅ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። ሻይ ስትቀዳልኝ አየዋለሁ። በሚመጣው የትምህርት ቤት በዓል የሻማውን ነገር ሲያነሡ እንደ ድሮው ደረቴን የምነፋ አይመስለኝም።

ይህን ጽሑፍ የምጨርሰው በዚያው ኪቦርድ፣ ከምሽቱ በ5 ሰዓት ነው። አምፖሉ ጠፍቷል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ማንኮራፋቱ ይሰማኛል። የ«ተ»ና የ«ጠ» ስሕተት ካለ አዘጋጁ እንዲያርሙልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።