የባዕድ አገር መፀው

በአቈጣጠራችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው ይባላል፤ ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ የምታጌጥበት፣ እሸት የሚቀመስበት ነው። እኔ በምኖርበት በካናዳ ግን በነዚሁ ወራት ዛፎች ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ ብርዱም ይከተላል። ለብዙ ዓመታት በዚህ ወቅት በመስኮት ወደ ውጭ መመልከት ይከብደኝ ነበር። ይህን የለወጠልኝ የአንድ ሰው ሥዕል ነው።

ሠዓሊው ጄ. ኢ. ኤች. ማክዶናልድ ይባላል። በ1921 እ.ኤ.አ. የሣለው፣ ስሙም «ባለ ግርማዋ ምድር» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው ሥዕል በኦታዋ በካናዳ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ይገኛል። በኦንታሪዮ ያለውን ወጣ ገባውን የአልጎማ ምድር በመፀው ያሳያል፤ ወንዝ፣ ገደላማ ኮረብቶች፣ ከላይም ከባድ ደመና። ማክዶናልድና ባልንጀሮቹ በ1918 ወደዚያ በተጓዙ ጊዜ ማደሪያቸው የባቡር ፉርጎ ነበር። በዱር በትንንሽ ሰሌዳ ላይ ንድፍ ይሠራሉ፤ ትልቁን ሸራ የሚሥሉት ቤታቸው ተመልሰው ነው።

የዚህን ሥዕል ኅትመት ከፊቴ አድርጌ መቅዳት ጀመርሁ። «የሌላውን መቅዳት ምን ትምህርት አለው?» የሚል አይጠፋም። የዜማ ተማሪ አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ እንደሚቀበል፣ እጅም እንዲሁ ከእጅ ይቀበላል ባይ ነኝ።

እናንተም ብትሞክሩት፣ በመጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ሥዕሉን ተመልከቱ። ቅጠሉና ድንጋዩ ይጠፋል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራል። እኔ ያን ጊዜ ነው ኮረብቶቹ ምን ያህል የጠቈሩ መሆናቸውን ያስተዋልሁት። የቅጠሉን ቀይ አዘጋጅቼ በነጭ ወረቀት ላይ ብቻውን ሳኖረው የሸክላ ቀለም መሰለኝ፤ ያንኑ ቀይ ከጠቈረው ኮረብታ ሥር ሳሳርፈው ግን ፍም ሆነ። አንድም ጠብታ አልጨመርሁበትም። ብዙ ቀን ቆሜ የተመለከትሁት ይህን ነው፤ ከዚያ በኋላ በመስኮቴ የሚታየው ደመና ራሱ ለቅጠሎቹ የተዘረጋ ጥላ መስሎ ታየኝ።

ገደሉን ለመሣል ብሩሹ ከላይ ወደ ታች፣ በቁልቁለቱ አቅጣጫ መሄድ አለበት። ጐን ለጐን ከተጐተተ ዐለቱ ሜዳ ይመስላል። ይህ በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ የክንድ ትምህርት ግን ጊዜ ይወስዳል።

ሦስተኛውን ቅጂ ከፈጸምሁ በኋላ የሰሜን ተራሮችን ከአደይ አበባ ጋር ልሥል ተነሥቻለሁ። ቢጫው ቀለም ገና በጠርሙሱ ነው፤ እስከ አሁን የጨረስሁት ጥቁሩን ገደል ብቻ ነው።