«ነጋድራስ ብለህ ጻፍልኝ»

ደብረ ዘይት እሠራለሁ ስል የሚሰማኝ ሁሉ ሐይቅ ይታየዋል። የእኔዋ ደብረ ዘይት ግን የመተከሏ፣ የወንበራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሺናሻው፣ ኦሮሞው፣ አገው፣ አማራውና ጉሙዙ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት። እኔም በዚህች ከተማ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ስም ስጽፍ እውላለሁ።

በአንድ የገበያ ቀን አንድ አዛውንት ሒሳብ ሊከፍቱ መጡ። ስማቸውን ጽፌ ቀና ስል፣

«ከፊቱ ነጋድራስ ብለህ ጻፍልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ቅጹ ላይ ያለው አቶ፣ ወይዘሮና ወይዘሪት ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ቅጽህ እኔን አያውቀኝም» ብለው ፈገግ አሉ።

አቶ ብዬ ጻፍኩ። ማታ ግን ቃሉ እንቅልፍ ነሣኝ።

በግእዝ «ነገደ» መነገድም መጓዝም ነው፤ «ነጋዲ» ደግሞ ሸቀጥ የጫነውም፣ እንግዳውም፣ መንገደኛውም። ነጋድራስ የነዚህ ሁሉ ራስ፣ ሲራራውን በረሃና ወንዝ የሚያሻግር አለቃ ነበር። ኋላ ነገሥታቱ ማዕረግ አደረጉት፤ ነጋድራስ ማለትም በየኬላው ቀረጥ የሚሰበስብ የንግድ ሹም ማለት ሆነ።

የሚገርመኝ የማዕረጉ ተሻጋሪነት ነው። ርስትና ጋሻ በሚከበርበት፣ ሸማኔና ቀጥቃጭ በሚናቅበት አገር ንግድም የጨዋ ሥራ ተብሎ አልተቆጠረም፤ ብዙውን ጊዜ ርስት ለተነፈገው ሙስሊም ተተወ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ባዘዙባት በዚያችው ጎንደር፣ ኋላ ሙስሊም ነጋድራሶች ተሾሙ። የጅማ ነገሥታትም የንግዳቸውን ሹም በዚሁ ስም ጠሩት። በሩቁ ደቡብ ሕንድም እንዲህ ያለ ስም አለ፤ «ቼትያር» የሚለውን የነጋዴ ማዕረግ ገንዘብ አበዳሪውም፣ ሸማኔውም፣ ዘይት ጨማቂውም፣ እርስ በርስ የማይጋቡ ወገኖች ሆነው ሳሉ፣ በየስማቸው ላይ ይቀጥሉታል። የተናቀ ሥራ የሚሠራ ሰው የተከበረ ስም ሲያገኝ አጥብቆ ይይዘዋል።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችማ ለዚህ ማዕረግ ባለዕዳዎች ነን። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነጋድራስ ነበሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመላቸው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ነጋድራስ ነበሩ። ጀርመን ድረስ ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔው ተሰማ እሸቴም እንዲሁ። ከቀረጥ መዝገብ ግጥምና ሐሳብ እንደሚወጣ ሳስብ፣ ለእኔ ቢጤው የባንክ ጸሐፊ እንዴት ያለ መጽናኛ ነው!

ይህን ሁሉ በማግሥቱ ለሥራ ባልደረባዬ በደስታ አጫወትኩት። ጉሙዝ ነው፤ ዝም ብሎ ሰማኝና፣

«እኛ ቤት ሲራራ ሲባል ትዝ የሚለን ቡናና አሞሌ አይደለም» አለኝ። «አያቶቻችን የነጋዴ ኮቴ ሲሰሙ ልጆቻቸውን ጫካ ይደብቁ ነበር።»

አፈርኩ። የቆላው ሰው እንደ ዝባድና እንደ ዝሆን ጥርስ ተቆጥሮ የተሸጠበትን ዘመን አላውቅ ኖሮ አይደለም። ማታውን ሙሉ ስለ ነጋድራስ ሳስብ፣ ከቀረጡ መዝገብ ላይ ሰውም እንደነበረ አላሰብኩም። ያማረ ቃል ሲገኝ ዓይን ለመጨፈን እንዴት ይቀላል!

«ነገደ» ብሎ የጻፈ እጅ በእነዚያው ፊደሎች «ነገድ» ብሎም ይጽፋል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በጎረቤታችን ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ፣ ከ100 በላይ ሰዎች ሲገደሉ፣ «ነገድህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ገበያው ጭር አለ፤ ሰው ለሰው የሚያቀብለው ነገር እንኳ አጣ። ስለዚያ ሰሞን ግጥም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ትቼዋለሁ።

አዛውንቱ ከወር በኋላ ተመልሰው መጡ። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው ጠየቅኳቸው።

«ማንም አልሾመኝም። ገበያው ነው የጠራኝ። እህል ስሰፍር ስፍሬን ስለማላጎድል፣ ይኼኛውም ያኛውም በየቋንቋው ጀመረና በዚያው ጸና።»

«አባቴ፣ ቆላ ያሉ ሰዎችስ? ስሙ ክፉ ነገር አያስታውሳቸውም?»

ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጡኝም። ከዚያ መታወቂያቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ፣

«ለዚህ ነው ስፍሬን የማላጎድለው» አሉ።

ቅጹ አልተለወጠም፤ አሁንም አቶ ነው የሚላቸው። እኔ ግን ተራቸው ሲደርስ ከመስኮቱ ብድግ ብዬ «ነጋድራስ» ብዬ እጠራቸዋለሁ። መጀመሪያ የጠራኋቸው ዕለት ባልደረባዬ ቀና ብሎ ተመለከተኝ። ከዚያም ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።