ሞቷል ከማለት በፊት

ቴስተርን የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። ጫፏ ጠፍጣፋ፣ እጀታዋ ብርሃን አሳላፊ፣ በሆዷ አንዲት ፍሬ የምታህል አምፑል የተቀበረባት መፍቻ ናት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦውን ከመንካቱ በፊት እሷን ያስነካል። ከበራች ኤሌክትሪክ አለ። እኛ የማናየውን እሷ ታይልናለች። ዛሬ ልናወጋ የተነሣነው ስለ ቴስተር ታናሽ እህት ነው፤ በፋይበር ኦፕቲክ ኬብል ውስጥ ብርሃን መሄድ አለመሄዱን ስለምትለይ፣ በአንድ እጅ ስለምትያዝ መሣሪያ። «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከኬብል ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ትንሽ ይታገሠን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የቃል ጉዳይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፋይበር የመስተዋት ክር ነው። ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ቢሆን ነው፤ ከሰው ጠጉር ብዙም አይበልጥም። ብርሃኑ የሚጓዘው ግን በመላው ክር ሳይሆን፣ በመካከሉ ባለች፣ ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ በማትሞላ እምብርት ውስጥ ነው። ዙሪያዋን የከበባት ሌላ ዓይነት መስተዋት ብርሃኑ ሊወጣ ሲል እየመለሰ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። እኛ በለመደብን የቅኔ አመል ውጭውን ሰም፣ ውስጡን ወርቅ ብለን ሰይመነዋል።

ብርሃንን በእንዲህ ያለ መንገድ ማጠፍ እንደሚቻል ከታወቀ ቆይቷል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ኮላዶን የተባለው የጄኔቫ ምሁር ብርሃን ከዕቃ በሚፈስ ውኃ ውስጥ አብሮ ጎብጦ ሲወርድ ለተመልካች አሳይቷል። ችግሩ የመስተዋቱ እድፍ ነበር፤ ብርሃኑ ገና ጥቂት ሳይሄድ ይጠፋል። ቻርልስ ካኦ ከባልደረባው ከሆክሃም ጋር በ1966 «ጥፋቱ የመስተዋት ባሕርይ ሳይሆን በውስጡ የቀረው ቆሻሻ ነው፤ ካጠራነው ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶ አንዱ እንኳ ቢተርፍ ለስልክ ይበቃል» የሚል አሳብ አቀረበ። በ1970 አሜሪካ ውስጥ የኮርኒንግ ኩባንያ ሰዎች ይህንኑ ልክ አልፈው ተገኙ። ዛሬ በጥሩ ፋይበር ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶ 95 ያህሉ ይተርፋል። ካኦ የኖቤል ሽልማቱን የተቀበለው በ2009 ነው፤ ከጻፈ ከ43 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ በዚህ ክር የሚሄደው ብርሃን ዓይን አያየውም። የእኛ ዓይን ከቀይ ወዲያ ማየት ያቆማል፤ በፋይበር የሚላከው ብርሃን ደግሞ ከቀይም ወዲያ የራቀ ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት ብልጭታ በስልክ ካሜራ ይታያል ብላችሁ እሱን እንዳትሞክሩ፤ ይኼኛውን ካሜራውም አያየውም። የክሩን ጫፍ ዓይን ላይ ደቅኖ ማየትማ ክልክል ነው። ጨለማ ስለሚመስል ዓይን አይጨፈንም፣ ብሌኑም አይጠብም፤ ጉዳቱ ሳይታወቅ ይገባል። ታዲያ ሠራተኛው ሕያዉን ከሙቱ በምን ይለየው?

የመሣሪያይቱ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ክሩን አትቆርጠውም፣ አትፈታውም። በአፏ ለዘብ አድርጋ ትይዘውና ጥቂት ታጎብጠዋለች። የጎበጠ ፋይበር ብርሃኑን ሁሉ መመለስ ስለማይችል ጥቂቱ ሾልኮ ይወጣል። ያንን የሾለከውን ትይዝና ቀስት ታበራለች፤ ብርሃኑ ወደ ቀኝ ይሂድ ወደ ግራ ትናገራለች። ከዚያኛው ጫፍ ያለ ባልደረባ ልዩ የሚርገበገብ ብርሃን ከላከ ደግሞ፣ ከብዙ ክሮች መካከል የሚፈለገው የቱ እንደሆነ ለይታ ትጮኻለች። በክሩ የሚያልፈው ወሬ አይቋረጥም። ሐኪም የእጅ ደም ሥር ይዞ ልብ መምታቷን እንደሚያውቅ ያለ ነው። ጉልበቷ ግን ወሰን አለው፤ መሬት ውስጥ የተቀበረውን ወፍራም ኬብል ከላይ ነክታ ምንም አትናገርም። ተከፍቶ ክሩ ለየብቻው መውጣት አለበት። ሲጎብጥ ብርሃን እንዳያሾልክ ተደርጎ የተሠራ አዲስ ዓይነት ፋይበር ሲገጥማትም ትቸገራለች።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አላመጣነውም። ባለፈው ዕረፍት ጥቂት ጓደኛሞች ከድሬዳዋ ወደ ኤረር ወርደን ነበር። «ወደ ኤረር ልንሄድ ነው» ስንል ድሬዎች ሳቁብን። «ወሪያ! ኤረር ምን አለ? ኤረርማ ከባቡሩ ጋር ሞታለች!» አሉን። በ1897 ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ኤረር በመንገዱ ላይ ጣቢያና ስም ያገኘች ከተማ ናት። ያ አሮጌ ባቡር ከቆመ ወዲህ ግን ስሟ የሚነሣው በፍል ውኃዋ ብቻ ሆኗል። እኛም የሄድነው ለፍል ውኃው ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ሁለት ሠራተኞች ጥላ ዘርግተው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። የኬብል መገጣጠሚያ ሣጥን ከፍተዋል። ክሮቹ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ፣ ቡኒ እያሉ በቀለም ተለይተው ወጥተዋል። ታላቅየው «ልጆች፣ ራቅ በሉ፣ አቧራ አታስነሡብን» አለን። ራቅ ብለን ቆምን። በጉልበቱ ላይ የተቀደደ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ ላይ የየክሩ ዕጣ ተጽፏል፤ ይኼ ይሠራል፣ ይኼ አይሠራም። «አይሠራም» ከተባሉት አንዱን ለአዲስ መስመር ሊቆርጡት ነው። መቁረጫው በታናሽየው እጅ ነበር። ታላቅየው «ቆይ» አለና ያቺን መሣሪያ አስነከሰው። ቀስቷ በራች።

«ላይቭ ነው» አለ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ አይሠራም ይል የለ እንዴ?» አልነው።

«ወረቀቱማ ይላል። ጻፊው ከሄደ ስንት ጊዜው! ከሱ ወዲህ ስንት እጅ ገባበት። እኔ ወረቀት ስላልሆንኩ እጠይቀዋለሁ።»

ብርሃኑ ወደ የት እንደሚሄድ ጠየቅነው። ቀስቲቱን አየና በአገጩ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ አመለከተን። የማንን ወሬ እንደሚሸከም ግን አያውቅም፤ መሣሪያይቱም አታውቅም። የባንክ ሒሳብ ሊሆን ይችላል፣ ባሕር ማዶ ካለች እኅት የሚመጣ ድምፅም ሊሆን ይችላል። ከጅቡቲ ድሬዳዋ በአሮጌው ሐዲድ 311 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን ይህን ያህል ፋይበር ለማቋረጥ የሰከንድ ሁለት ሺኛ እንኳ አይፈጅበትም። አገራችን ባሕር በር ስለሌላት ከዓለም ጋር የምትነጋገረው በጎረቤቶቿ በኩል ነው፤ አንደኛው በር ጅቡቲ ነው። በምኒልክ ዘመን በሐረርና በአዲስ አበባ መካከል 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ፣ ምሰሶውን እረኛውም ያየው ነበር። የዛሬው ግን በመሬት ውስጥ ስለሚያልፍ በላዩ ግመል የሚነዳው ሰው አያየውም።

እዚህ ላይ ማድነቅ ብቻውን አይበቃም። አንደኛ፣ ብርሃን አለ ማለት ወሬ አለ ማለት አይደለም። በ2020 ሰኔ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ክሩን የበጠሰው የለም፤ የተዘጋው በሩ ነበር። በዚያን ቀን መሣሪያይቱን ብናስነክስ ቀስቷ ልትበራ ትችል ነበር። ሁለተኛ፣ ክርን አጎብጦ ብርሃን ማሾለክ ለጥገና ብቻ አይውልም፤ ጆሮ ጠቢም በዚያው መንገድ ሊጠቀም ይችላል። ሦስተኛ፣ ቀስቲቱ የሚያልፈውን እንጂ የሚያርፈውን አታሳይም። በአንድ ከተማ እግር ሥር የዓለም ወሬ ሁሉ ሲያልፍ፣ የከተማው ተማሪ አንድ ገጽ ለመክፈት ደጅ ቆሞ ሲግናል ሊፈልግ ይችላል። አሮጌው ባቡር እንኳ ቢያንስ ቆሞ ውኃ ይቀዳ ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። እኛ የምንማረው ትምህርት በወረቀት የተሞላ ነው። ወረቀቶቻችንም እንደዚያ ጋሼ ወረቀት «ይሠራል»፣ «አይሠራም» ይላሉ። ይህ ቋንቋ ሞቷል፣ ያ ልማድ አልፎበታል፣ ያቺ ከተማ አልቆላታል እንላለን። ማን ሄዶ ጠየቀ? ስንባል ግን መልስ የለንም፤ ከእኛ በፊት የጻፈውን ጠቅሰን እንቀመጣለን። ኤረር ሞታለች ያሉን ሰዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የአሮጌውን ባቡር መቆም አይተው የከተማይቱን ሞት ጻፉ እንጂ። እኛ በደረስንበት ዕለት ሴቶቹ የግመል ወተት ይሸጣሉ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፤ በአዲሱ ሐዲድ፣ በ2018 ሥራ በጀመረው፣ የኤሌክትሪክ ባቡር ያልፋል።

በመጪው ዓመት ብዙዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ እንጽፋለን። ርእሳችንን ይዘን ወደ ቤተ መጻሕፍት ከመሮጣችን በፊት ወደምንጽፍበት ስፍራ አንድ ጊዜ እንሂድ። ገንዘቡ ያስቸግራል፤ እናውቃለን። ተደራጅተን፣ ተዋጥተን፣ በጭነት መኪናም ቢሆን እንሂድ። የሚቆረጠው የሰው ነገር ነውና፣ ቢያንስ መቁረጫውን ከማንሣታችን በፊት እዚያው ደርሰን እንጠይቅ።