«ይይዛል» የተባለ ክሪክ

መቼም በዚህ አገር ሚኒባስ ተሳፍሮ መንገድ ላይ ጎማ ያልተነፈሰበት ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ኋላ ታኮ ይወትፋል፣ ሾፌሩ ከወንበር ሥር ክሪክ ይጎትታል፣ ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ይበተናል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ክሪኩም፣ ታኮውም፣ ቸርኬውም፣ ካቻቢቴውም፣ ጎሚስታው ራሱም የጣሊያን ስም ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ ቃሎቹ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ከዚህ ሁሉ የውሰት ቃል መሐል አንድ የራሳችን የሆነ አለ፤ «ይይዛል» ይባላል። ፍሬኑ እንዴት ነው? ይይዛል። ገመዱስ? ይይዛል። ክሪኩስ? ኧረ ይይዛል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ!

ይህን ቃል በደንብ የሰማሁት ጥሊሊ ነው። ጥሊሊ ከቡሬ ወደ ኮሶበር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ በክረምት ጠዋት ከጋቢ ውስጥ እጅ ማውጣት ራሱ ውሳኔ ይጠይቃል። የአክስቴ ልጅ እዚያ ግቢው ውስጥ ጋራዥ አለው። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ዘይት የጠጣ አፈር ነው። ባጃጅ ይመጣል፣ ሚኒባስ ይመጣል፣ ድንች የጫነ አይሱዙም አንዳንዴ እያቃሰተ ይገባል። የቤቱ ትልቁ ንብረት ደግሞ ባለ ጎማው ክሪክ ነው። ሦስት ቶን ያነሳል የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ አሁን «ሦስት» የሚለው ብቻ ይነበባል። ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተሸጦ በስንት እጅ ዞሮ እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ሁልጊዜ ከሥሩ ካርቶን ይነጠፍለታል፤ ካርቶኑ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ለሰው ቁርስ እንደሚቀርብ ሁሉ፣ ለእሱም ዘይት ይጨመርለታል።

ባለፈው ለእረፍት ሄጄ እዚያ ቁጭ ብያለሁ። ሚኒባሷ ከፊት ተነሥታለች፣ ተለማማጁ ልጅ ከሥሯ ገብቷል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግማሽ ቀን ይማራል፣ ግማሽ ቀን ይሠራል። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ የመኪናዋን ፓራውልት ከኋላው ካለው የአጥር ቋሚ ጋር አስተያየሁት። ሻዬ ሳያልቅ የቋሚው ቋጠሮ፣ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው፣ ብቅ አለ። ቋጠሮው አልወጣም መቼም፤ መኪናዋ ናት የወረደችው።

«ይወርዳል እኮ!» አልኩት።

«ይይዛል፤ በግማሽ ሰዓት ሁለት ጣት ቢወርድ ነው» አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ፈጽሞ የተሰበረ ክሪክ ሰው አይገድልም፤ መኪናውን ስለማያነሳ ሥሩ የሚገባ የለም። አደገኛው በመጠኑ የሚያፈስሰው ነው፤ ሰው ይለምደዋል። «ሁለት ጣት» ብሎ ልክ ያወጣለታል፤ ያፈሰሰው ነገር ግን ይህን ውል አልፈረመም። ዛሬ ሁለት ጣት ያወረደው ያረጀ ማኅተም ነገ ድንገት ሊቀደድ ይችላል፤ ያኔ ሁለት ቶን ገደማ ብረት ባንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከዐሥራ አምስት እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ አደገኛ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ይከለክላል። አዋጁ ጥሩ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚና የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን ገብቶ አያውቅም።

ለምን አዲስ አይገዛም ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ብረት ሁሉ አብሮት ጋለበ። ለጥገናው የሚያስፈልገው ያቺ የቀለበት ያህል ላስቲክ ብቻ ናት ብለን ሱቅ ለሱቅ ጠየቅን። መልሱ አንድ ነው፤ «ላስቲኩ ለብቻው የለም፣ ሙሉውን ውሰድ»። ከማኪያቶ ዋጋ የማይበልጥ ዕቃ ጠፍቶ ሙሉ ክሪክ ይጣላል ማለት ነው። አስመጪዎቻችን ዕቃ እንጂ የዕቃ ዕድሜ ማስመጣት አይወዱም። ባሕር ዳር ሄዶ መፈለግም ቀላል አልነበረም፤ በክልሉ ግጭቱ ከተባባሰበት ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ሰው ለላስቲክ ብሎ አይወጣም።

እናላችሁ እሑድ ከሰዓት ክሪኩ ይከፈት ተባለ።

መጀመሪያ ውጭው በነዳጅ ታጥቦ ደረቀ፤ ከየት እንደሚያፈስስ የሚታየው ደረቅ ሲሆን ነው። ባዶውን ሲረገጥ ሁለት ቦታ ረጠበ። አንደኛው ዋናው ዘንግ የሚወጣበት ነው፣ ሁለተኛው መኪናውን ለማውረድ የምትፈታዋ ብሎን ሥር። የሁለተኛው ምክንያት ወዲያው ታወቀ። ከስንቱ ባለቤት አንዱ የፍሬን ዘይት ጨምሮበታል። የፍሬን ዘይት ለፍሬን የተሠራ ነው፤ የክሪክ ኦሪንግ ሲያገኝ ያሳብጠዋል፣ ያልፈሰፍሰዋል። ሌላው ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጠጥቶታል። በዚያ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብረት ዘይቱን ወደኋላ እንዳይመለስ በምትዘጋው የብረት ኳስ ሥር ይቀመጣል፤ የፀጉር ያህል ክፍተት ከበቀለ መኪናዋ ምንም ጠብታ ሳይታይ ትወርዳለች። ኦሪንጉ ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ተገኘ። ኳሷና መቀመጫዋ በነዳጅ ተጠርገው በንጹሕ ጨርቅ ደረቁ። ጭነት ሲበዛ የምትከፈተዋን ብሎን ግን የአክስቴ ልጅ አልነካትም። ብዙ መካኒክ «ጉልበት ልጨምርለት» ብሎ ያጠብቃታል፤ እሷን ማጥበቅ ክሪኩ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም እንዳይናገር አፉን መስፋት ነው።

ክሪክ ጉልበቱን ከየት ያመጣል? ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው፣ የተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። ትልቁ ፒስተን ከትንሹ በዲያሜትር አራት እጥፍ ከሆነ ጉልበቱ ዐሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ነጻ ግን አይደለም፤ ትንሹ ዐሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተገፍቶ ትልቁ የሚወጣው አንዷን ብቻ ነው። ልጁ ያን ሁሉ የሚረግጠው ለዚህ ነው። ነገሩ በወረቀት ላይ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ሥራ ላይ ለመዋል ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት፤ ያስቸገረው ማፍሰሱ ነበር። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1795 የሃይድሮሊክ መጭመቂያውን የፈጠራ መብት አወጣ፤ ዘይት ወይም ውኃ በፒስተኑ ዙሪያ እንዳያመልጥ ያደረገውን ብልሃት ግን ያገኘለት ሄንሪ ሞድስሌይ የሚባል ሠራተኛው ነው ይባላል። ብልሃቱ አፉ ወደ ግፊቱ የዞረ የቆዳ ሲኒ ነው። ግፊቱ ሲጨምር የሲኒው ከንፈር ተለጥጦ ግድግዳውን ይበልጥ ያጠብቃል። የሚገፋው ነገር ራሱ በሩን ይዘጋዋል ማለት ነው።

ይህን የማወራችሁ ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። ዋናው ፒስተን ሲወጣ ስንት ሱቅ የዞርንለት ላስቲክ የለም! ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር፣ እንደ ቆሎ የደረቀ የቆዳ ሲኒ ነው። የድሮ ክሪክ ነበር ለካ።

ቆዳ ደግሞ አዊ ውስጥ አይጠፋም። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው ያንን ሁሉ ኮርቻና ልጓም አይቷል። ኮርቻውን የሚሠራው ሰው ግን ከፈረሱም ከፈረሰኛውም ጋር አይወራም። በከተማዋ ዳር አንድ አዛውንት አሉ፤ ሥራቸውን ሁሉም ይገዛል፣ ስማቸውን ግን «ፋቂው» ብሎ የሚጠራቸው አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው መስደብ ክልክል ከሆነ ከመቶ ዓመት አለፈ። ስድቡ ከአዋጁ ይልቅ ጤነኛ ሆኖ ኖረ።

የአክስቴ ልጅ የተቀደደችውን ሲኒ በጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደላቸው፤ እኔም ተከተልኩ። አዛውንቱ ሲኒዋን ገለባብጠው አዩ፣ በጥፍራቸው ከንፈሯን ፋቅ ፋቅ አደረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ዘይቱ የሚመጣው በየት በኩል ነው?»

ክሪክ ውስጡን አይተው አያውቁም። ብራማን ያስቸገረውን ጥያቄ ግን በአንድ ትንፋሽ ጠየቁ። ሲነገራቸው ጥቂት የበሬ ቆዳ መርጠው ውኃ ውስጥ ነከሩት፣ ከለሰለሰ በኋላ እንጨት ፈልፍለው ባበጁት ቅርጽ ላይ አስረው ተዉት። ሲደርቅ ጠርዙን በወስፌና በካራ አስተካከሉ፤ ከዚያ ሌሊቱን ዘይት ውስጥ አደረ። የጠየቁት ዋጋ ከኦሪንጉ ያንሳል። የአክስቴ ልጅ ጨምሮ ሲሰጣቸው ተግደርድረው ተቀበሉ።

በነጋታው ከሰዓት ክሪኩ ተገጠመ። የቆዳው አፍ ወደ ግፊቱ ዞረ፣ የዘንጉ ዝገት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ለሰለሰ፤ ሻካራ ዘንግ አዲስ ሲኒ በሳምንት ይበላል። ዘይቱ፣ ጠርሙሱ ላይ «ሃይድሮሊክ» የሚል፣ ክሪኩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ እያለ ተሞላ። የማውረጃዋ ብሎን ተፈትታ ልጁ እጀታውን ቶሎ ቶሎ ረገጠ፤ ውስጥ የቀረው አየር በዚያ ነው የሚወጣው። ከዚያ ሚኒባሷ ተነሣች። ሥሯ ማንም አልገባም። ቀጥ ያለ ዱላ ከፓራውልቱ ጎን ተተክሎ በጠመኔ ምልክት ተደረገበት፤ አንድ ሰዓት ይጠበቅ ተባለ።

አዛውንቱ ሥራቸውን ሊያዩ መጥተው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ቡና አፈላች። አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ በልጅነቷ እንደ እሳቸው ላለ ሰው በሰባራ ቅል ተደርጎ በር ላይ ይሰጥ እንደነበር ራሷ ነግራናለች። እጇን አየሁት። ከረከቦቱ እንደ ሁላችንም አንድ ሲኒ አንሥታ ቀዳችላቸውና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ሲመለስ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ታጠበ። እኔ ይህን ስመለከት እሳቸውም ሲመለከቱ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

አንድ ሰዓት ሞላ። የጠመኔዋ መስመርና የፓራውልቱ ጠርዝ እንዳሉ ናቸው። ካርቶኑም ደረቅ ነው። የአክስቴ ልጅ ደስ ብሎት ኮፈኑን በመዳፉ መታና «በል ግባ!» አለው ልጁን። ልጁ ካርቶኑን ስቦ በጀርባው ተንጋለለ።

«ግንዱስ?» አሉ አዛውንቱ።

«ምን ግንድ አባባ? አሁንማ ይይዛል እኮ፤ አንቱው ሠርተውት!»

«እኔ የሠራሁት ቆዳ ነው፤ ቆዳ ይደርቃል» አሉ፣ ሲኒያቸውን መሬት እያስቀመጡ። «ማንሣቱን ያንሣ፤ መያዙን ግንድ ይያዝ።»

የአክስቴ ልጅ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አጥሩ ሥር ተጋድመው ከከረሙት የባሕር ዛፍ ጉማጆች ሁለቱን ሊያመጣ ሄደ፤ ልጁም ከካርቶኑ ላይ ተነሥቶ አንደኛውን ተቀበለው።