አፈር የማይሻው አበባ

በአገራችን ልማድ በዛፍ ላይ የበቀለ ሌላ ተክል ሁሉ ተቀጽላ ይባላል። ስሙም የምስጋና ስም አይደለም፤ ሰው በሌላው ጫንቃ ላይ ተቀምጦ ሲበላ ይህንኑ ስም ያወጡለታል። እኔም በዛፍ ላይ ስለሚኖር አንድ ተክል እጽፋለሁና፣ ይህ ስም ይገባው እንደ ሆነ አንባቢዎቼ ከእኔ ጋር እንዲመረምሩልኝ እለምናለሁ።

ተክሉ ኦርኪድ ይባላል። የኦርኪድ ወገን በዓለም ላይ ከ25,000 በላይ ዓይነት አለው፤ በሞቃት አገሮች ከሚገኙትም ብዙዎቹ የሚኖሩት በዛፍ ላይ ነው። በከፋ፣ በኢሉባቦርና በጅማ ደኖች ውስጥ ለቡና ጥላ በሚሆኑት ዛፎች ላይ ይታያሉ። የእኔ ተክል የተገኘው በ2014 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ በሊሙ ባለው የአባቴ የቡና ማሳ ውስጥ ነው። ነፋስ የአንድ ትልቅ ዋንዛ ቅርንጫፍ ሰብሮ ጣለ። ቅርንጫፉ ለማገዶ ሲፈለጥ ቅጠሉ ወፍራም፣ ሥሩ እንደ ብር የነጣ ተክል በላዩ ተጣብቆ አየሁ። እሳት ከሚበላው ብዬ ከነቅርፊቱ አነሣሁት፤ ትምህርት ሲከፈትም ወደ ጅማ ይዤው መጣሁ።

በጅማ የምኖረው በአክስቴ ቤት ነው። አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ የመጡ ዘመዳችን እንጨቱ በበረንዳው ላይ ተሰቅሎ ባዩ ጊዜ ምን እንደ ሆነ ጠየቁኝና ነገርኋቸው። እርሳቸውም ሳቅ ብለው «እንግዲያው በዚህ ቤት ሁለት ተቀጽላ አለ በለኛ!» አሉ። እንግዶቹ ሁሉ ሳቁ። አክስቴ ግን መቅዳታቸውን ሳያቋርጡ ዝም አሉ። ነገሩ ቀልድ መሆኑን ባውቅም ቃሉ ከልቤ አልወጣ አለ። ተክሉን አጥብቄ መመርመር የጀመርሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ሸካራ ቅርፊት ያለው የዋንዛ ጉማጅ አዘጋጅቼ ተክሉን በለስላሳ የጨርቅ ቅዳጅ አሰርሁበት፤ ሥሩ እንጨቱን ከያዘ በኋላ ጨርቁ ተፈታ። አፈር አይፈልግም፤ እንዲያውም በአፈር ቢቀበር ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የተሰቀለበት በረንዳ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ስለ ሆነ የማለዳ ፀሐይ ያገኘዋል፤ የቀትሩ ግን አይደርስበትም። በበጋ ጧት ጧት ውሃ እረጭበታለሁ፤ በክረምት የአየሩ እርጥበት ስለሚበቃው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ማታ ውሃ አላጠጣውም፤ በቅጠሎቹ መካከል ያደረ ውሃ ልቡን ያበሰብሰዋልና። ቅጠሉ ከመጠን በላይ ከጠቈረ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው፤ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ፀሐዩ በዝቶበታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ሥሩ ነው። በላዩ የለበሰው ነጭ ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ስብስብ ሲሆን እንደ ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል። ውሃ ሲነካው ነጩ ሽፋን ብርሃን ያሳልፍና ከሥር ያለው አረንጓዴ ይታያል። ይህ ሥር በዛፉ ቅርፊት ላይ ይለጠፋል እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ የዛፉን ደም አይጠጣም። እውነተኛው ተቀጽላ ግን ሥሩን በዛፉ ሥጋ ውስጥ ሰድዶ ዛፉ የደከመበትን ውሃና ማዕድን ይስባል። ኦርኪዱ የሚኖረው በዝናብ፣ በጤዛና ከላይ በሚወርደው የቅጠል ብስባሽ ነው፤ ምግቡንም በገዛ ቅጠሉ ያዘጋጃል። ስለዚህ እንግዳ እንጂ ቀማኛ አይደለም።

ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለዘመዳችን የምሰጠው መልስ የተገኘ መሰለኝ። ነገር ግን ቆም ብዬ ባስበው መልሱ ለተክሉ እንጂ ለእኔ አልሆነም። እኔ በጤዛ አልኖርም፤ የምበላው የአክስቴን እንጀራ ነው። ውሃ ብቀዳ፣ ለልጆቻቸው ሒሳብ ባስጠና፣ ከወጪያቸው ጋር የሚመዛዘን አይደለም።

ተክሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ያሳየኝ ጥቂት ቅጠልና ብዙ ሥር ብቻ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ላይ ከቅጠሎቹ ሥር ጫፉ የሾለ ነገር ብቅ አለ። የሥር ጫፍ ድቡልቡል ነው፤ ስለዚህ የአበባ ዘንግ መሆኑን ለየሁ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሰባት ነጫጭ አበቦች ተራ በተራ ፈኩ። ከእያንዳንዱም በስተኋላ ከአንድ ስንዝር ብዙ የማያንስ ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሏል። ከመጽሐፍ ጋር ሳስተያየው ኤራንጊስ ከሚባለው ወገን ሆኖ አገኘሁት፤ ስሙም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የአየር ዕቃ» ማለት ነው። ቀን ሽታ የለውም፤ ሲመሽ ግን በረንዳውን ሁሉ ያውደዋል። አክስቴ የመጀመሪያው ማታ «ልጄ፣ ሽቶ የሰበረ አለ እንዴ?» ብለው ወጡ፤ ከዚያም በርጩማ አስመጥተው እራት እስኪደርስ ከሥሩ ተቀመጡ።

ነጭነቱና የማታ ሽታው ያለ ምክንያት አይደለም። በቱቦው ጫፍ ያለውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመጠጣት የሚችለው ረጅም ምላስ ያለው የሌሊት የእሳት ራት ነው። ቻርለስ ዳርዊን በ1862 እ.ኤ.አ. ቱቦው 30 ሳንቲሜትር ያህል የሆነውን የማዳጋስካር ኦርኪድ ተመልክቶ፣ ያን ያህል ምላስ ያለው የእሳት ራት በዚያ አገር መኖር አለበት ብሎ ጻፈ። የተባለውም የእሳት ራት በ1903 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መዝገብ ገባ፤ ዳርዊን ግን በ1882 ሞቶ ነበርና አላየውም።

ሌላም ነገር አነበብሁ፤ ለጥያቄዬ መልስ የሆነኝም ይኸው ነው። የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ስለ ሆነ እንደ ባቄላ ስንቅ አልያዘም። ኖኤል በርናር የተባለ ፈረንሳዊ በ1899 እ.ኤ.አ. እንደ ደረሰበት፣ ዘሩ የሚበቅለው አንድ ዓይነት ፈንገስ ገብቶ ሲመግበው ብቻ ነው። ቅጠል አውጥቶ ራሱን እስኪችል ድረስ የሚኖረው በሌላው ምግብ ነው። እንግዲህ ይህ ኩሩ ተክልም ሕፃን ሳለ ተመጋቢ ነበር። የሚፈረድበትም መመገቡ ሳይሆን፣ ቅጠል ካወጣ በኋላ መመገቡን ባይተው ነበር። እኔም ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ቅጠል የማወጣበት ጊዜ ደርሷል። ዘመዳችን ዳግመኛ ቢቀልዱ «ገና ነኝ» እላቸዋለሁ።

የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፣ ብዙዎቻችን ከቡና አገር የመጣን ነን። ቡና ሲመለመልና ግንዱ ሲጸዳ ኦርኪድ ከጉድፍ ጋር ተጠራርጎ ይጣላል። ከቆመ ዛፍ ላይ ነቅላችሁ አታምጡ፤ በዚያ ደህና ይኖራል። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ኦርኪድን ከአገር ወደ አገር መነገድ በዓለም አቀፍ ውል የተወሰነ ነው። የወደቀውን ግን ከማገዶ አድኑት፤ አንድ የእንጨት ጉማጅ፣ የማለዳ ብርሃንና ትዕግሥት ይበቃዋል። አባቴንም ወደ ሊሙ ስሄድ ነግሬያቸዋለሁ። «ቡናዬን ካልጎዳ ይቀመጥ» አሉኝ፤ ዘንድሮ ግንዶቹን ሲያጸዱም አልነኩትም።