በርና መስኮትም ይናገራሉ

ሰው በአፉ ሊናገር ያልተፈቀደለትን ነገር የቆመበት ስፍራ ይናገርለታል። ይህን የተማርሁት ከሲኒማ ነው፤ ይልቁንም ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች እርስ በርሳቸው ሲፋቀሩ ከሚያሳዩ ፊልሞች ነው።

የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጡትና ከ1934 ጀምሮ አጥብቀው በሠሩበት ደንብ፣ ይህን ፍቅር ማሳየት ቀርቶ በጥቆማ ማንሣት እንኳ ክልክል ነበር። ደንቡ ፈጽሞ የቀረው በ1968 ነው። ታዲያ ቃል ሲከለከል በርና መስኮት የቃልን ሥራ ይሠሩ ጀመር። ክልከላው ካለፈ በኋላም ጥበቡ አልጠፋም። ቶድ ሄይንስ በ2015 ባወጣው «ካሮል» በተባለው ፊልም፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ የሚፋቀሩትን ሁለት ሴቶች ደጋግመን የምናያቸው በመኪና መስኮትና ዝናብ ባረጠበው መስተዋት በኩል ነው።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ ያሳየኝ ግን አንግ ሊ በ2005 ያወጣው «ብሮክባክ ማውንቴን» ነው። በ1963 ኤኒስና ጃክ የሚባሉ ሁለት ጎበዛዝት በዋዮሚንግ ተራራ ላይ በግ ይጠብቃሉ። ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ፍቅራቸውም የሚጀምረው በዚያ ነው። ሆኖም አሠሪያቸው ከሩቅ ሆኖ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ሲያያቸው፣ ያ ሁሉ ስፋት ድንገት ይጠብባል። ኤኒስ ከተራራው ወርዶ ሚስት ካገባ በኋላም የሚኖረው በጠባብ ክፍል ነው፤ ከዓመታት በኋላ ጃክ ሊጠይቀው መጥቶ ሲሳሳሙ ሚስቲቱ በር ከፍታ ታያለች። በመጨረሻም ጃክ ከሞተ በኋላ፣ ኤኒስ ብቻውን በሚኖርበት ተጎታች ቤት ውስጥ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡ የሁለቱን ሸሚዞችና የተራራውን ፖስት ካርድ በቁም ሣጥን ውስጥ እናያለን። ያ ታላቅ ተራራ ከመዳፍ የማይሰፋ ወረቀት ሆኖ ተዘጋበት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ነገር ግን ልብህ ከመፍረዱ በፊት ዓይንህ ሥራውን ይፈጽም። የኤኒስን ቤት ያጠበበው ግድግዳው ብቻ አይደለም። በልጅነቱ አባቱ፣ ከሌላ ወንድ ጋር ይኖር ስለ ነበረ የተገደለን ሰው ሬሳ ወስዶ አሳይቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ በሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። እንግዲህ ሁልጊዜ ከበር አጠገብ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ባየህ ጊዜ፣ «ስለ ምን ይደበቃል?» ከማለትህ አስቀድመህ ስፍራውን ማን እንዳጠበበበት ጠይቅ። ምናልባት ጥቂት ፈቀቅ ማለት የሚገባህ አንተ ትሆናለህ።